አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር

ስክሪኑ በዶላር ምልክት ጢም ብሎ ሲሞላ ዶክተሩ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር መጋረጃውን መዝጋት ነበር።

«ማን አየ?» አለኝ።

«ማንም። እናትዎ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ እርስዎና እኔ ብቻ ነን።»

«በይ አጥፊው! አሁን ቀበሌዎቹ ቢገቡ ‹ዶላር እያተመ ነው› ብለው ስብሰባ ይጠሩብኛል።»

እየቀለደ ነው፤ መጋረጃውን ግን የምሩን ነው የዘጋው። ዘመኑ የደርግ ነው። የውጭ ገንዘብ ኪሱ ውስጥ የተገኘ ሰው የሚታሰርበት ጊዜ ስለነበር፣ ጎንደር ውስጥ በአንድ መኖሪያ ቤት ሁለት ሺህ የሚጠጋ የዶላር ምልክት በአረንጓዴ ብርሃን ተደርድሮ ማየት ያስቃልም ያስፈራልም። ሁለት ሺህ ያልኩት በግምት አይደለም። ስክሪኑ ሃያ አምስት መስመር ነው፣ አንዱ መስመር ሰማንያ ፊደል ይይዛል። ፊደል ያልተጻፈበት ባዶ ቦታ ሁሉ ዶላር ሆኖ ነበር።

እኔ ያኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ዶክተሩ ሆስፒታል ይሠራል። ለገጠር ጤና ረዳቶች የሚሆን መማሪያ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ እየጻፈ ስለነበር፣ ቅዳሜና እሁድ ቤቱ እየሄድኩ የእጅ ጽሑፉን እተይብለት ነበር። በዕድሜ እኩያዬ ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታውን ትቼዋለሁ። ኮምፒዩተሩን ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው ነው። የጉምሩክ ፈቃዱን መስተዋት አስገብቶ ከዲግሪው ጎን ሰቅሎታል፤ ከዲግሪው ይልቅ እሱን ነው እንግዳ ሁሉ ቆሞ እንዲያነበው የሚፈልገው።

ለእኔ ያ ዕቃ ምን እንደነበረ ለመናገር ስለ ራሴ ትንሽ ማለት አለብኝ። የተወለድኩት መካነ ብርሃን አካባቢ ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ከጠረጴዛው አልገባ እያለ፣ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር «ሀ ሁ» ብዬ። አሥራ ሁለተኛን በማታ ትምህርት ስጨርስ ሃያ ሰባት ሞልቶኝ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ስሕተትን ይፈራል፤ በእያንዳንዷ ስሕተት ሰዎች «ድሮስ!» የሚሉት ይመስለዋል። ታይፕራይተር ላይ አንዲት ፊደል ከሳትኩ ነጭ ቀለም ቀብቼ ማለፍ አልችልም። ወረቀቱን ስቤ አወጣና ከመጀመሪያው መስመር እጀምራለሁ። ቢሮ ውስጥ «የወረቀት ጠላት» ነበር የሚሉኝ።

ኮምፒዩተሩ ላይ ግን የተሳሳተ ፊደል ሲጠፋ ምንም ምልክት ትቶ አይሄድም። ጠባሳ የለውም። መጀመሪያ ቀን ይህን ሳይ አላመንኩም። አንድ ፊደል እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ፤ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለኝ ዶክተሩ ከበሩ ላይ ቆሞ።

«እየተሳሳትኩ ነው» አልኩት። ከልቤ እየሳቅኩ ነበር።

እንግዲህ ዶላሩ በመጣ ዕለት ዶክተሩ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ እኔ እንዳዘዘኝ አላጠፋሁትም። መጋረጃው እንደተዘጋ ደብተሬን አወጣሁና ፊደሎቹን አንድ በአንድ መምታት ጀመርኩ። «ኤ»ን ስመታ «ኢ» ይወጣል። «ቢ»ን ስመታ «ኤፍ»። «ሲ»ን ስመታ «ጂ»። ቀጥሎ ያሉት አራቱ ግን ራሳቸውን ሆነው ይወጣሉ። ከዚያ «ኤች»፣ «አይ»፣ «ጄ»ና «ኬ» ይዘላሉ፤ ተከታዮቻቸው አራቱ ደግሞ ንቅንቅ አይሉም። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው፤ የሚዘል ፊደል ሁሉ በትክክል አራት ደረጃ ነው የሚዘለው፣ አንድም አያጓድልም አንድም አይጨምርም። የተበላሸ ነገር ዝብርቅርቅ ይላል እንጂ ሥርዓት ይዞ ይበላሻል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር! ከዚያ አንዷን ገጽ ወደ ፕሪንተሩ ላክኋት። ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ አንዲት ፊደል አልተዛነፈችም። ዶላርም የለበትም።

ዶክተሩ ለምሳ ሲመለስ ያን ስነግረው «ይገርማል» አለና የቀዶ ጥገና ቀጠሮው ደርሶበት ሄደ። እኔም ከዚያ በላይ አልገፋሁበትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ ስክሪኑ ጭራሽ ጨልሟል። የኮምፒዩተሩ ሣጥን በማራገቢያው ይነፍሳል፣ የዲስኩ መብራት ብልጭ ይላል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሰሌዳ ነው።

ዶክተሩ አራዳ ሱቅ ያለውን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ አስመጣ። ሽማግሌው በሙያው የተከበረ ነው፤ ከተማው ውስጥ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ ሁሉ በእሱ እጅ ሳያልፍ አይጣልም። ቦርሳውን ከፈተ፣ ካቻቢቴውን አወጣ፣ ስክሪኑን ከጀርባው ፈትቶ አቧራውን እፍ አለና ዝም ብሎ ሲያየው ቆየ።

«ዶክተር» አለ በመጨረሻ፣ «ይህ ማኪና ከቴሌቪዥን በምን ይለያል? በምንም። ሥዕል ጠፋ ማለት ቱቦው ሞተ ማለት ነው። ይህን ቱቦ ደግሞ ጎንደርን ቢያገላብጧት አያገኙትም።»

የዶክተሩ እናት ከእኔው አገር ከጃናሞራ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከመጡ ወር ሊሆናቸው ነው። እግራቸውን አጥፈው መደብ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ነበር።

«ምነው አያ» አሉት፣ «የኔንም ሬዲዮ ሞቷል ብለህ ልትገንዘው አልነበር? ባትሪው ተገልብጦ ገብቶ ነው እኮ!»

«ያ የኔ ጥፋት አይደለም እማማ። ያን ዕለት መብራት አልነበረም።»

«መብራት አልነበረም? በቀትር?»

ዶክተሩ ሳቀ፤ ሽማግሌውም ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ሽማግሌው ለመሞከር ባበራው ቁጥር ከሣጥኑ ውስጥ የሚወጣውን ድምፅ እየሰማሁ ነበር፤ ጢ—ጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ከዚያ በፊት በነበሩት ቅዳሜዎች ሁሉ ሲበራ የሚያሰማው አንዲት አጭር «ጢጥ» ብቻ ነበር። አባቴ አቋቋም የተማረ የደብር አገልጋይ ነበር፤ ከበሮ ከቦታው አንዲት ምት ከዘገየች እህል እያኘከም ቢሆን ቀና ይላል። ድምፁን አልወረስኩም፣ ጆሮውን ግን ወርሻለሁ። ሣጥኑ የሆነ ነገር እየተናገረ እንደሆነ ያኔውኑ አውቄያለሁ። ነገር ግን የስድሳ ዓመት ባለሙያ በሚናገርበት ቤት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ቆይ፣ ድምፁ ተለውጧል» ማለት አልቻልኩም። ያኔ እንዲያ ነበርኩ። ካልተጠየቅኩ አልናገርም።

ሽማግሌው ሲሄድ ዶክተሩ ፍርዱን ሰጠ። «ወዳጄ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የነገ ሳምንት እሁድ ከሰዓት መጥቶ ይጭነዋል። አዲስ አበባ ያለው ዘመዴ ካሠራው አሠራው፣ ካልሆነ ይሽጠው። አንቺ የቀረውን ቢሮሽ በስቴንስል ትጨርሺዋለሽ፣ አይደል?»

«እሺ» አልኩ።

እሺ አልኩ እንጂ አልተዋጠልኝም። አዲስ አበባ የሄደ ዕቃ እንደማይመለስ የጎንደር ሰው ያውቃል። ስምንት ምዕራፍ ተይበናል፤ ስድስት ይቀራል። ስድስቱን ምዕራፍ በስቴንስል፣ በታይፕራይተር በሚመታው ሰም የተቀባ የማባዣ ሉህ፣ እንደገና አንዲት ፊደል በሳትኩ ቁጥር ሉሁን እየቀደድኩ! ከዚያስ በኋላ? ዕድሜ ልኬን ታይፕራይተር። ከበሩ ስደርስ ተመለስኩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት።

«ከዕቃው ጋር የመጣውን መጽሐፍ ለዚህ ሳምንት ልውሰደው?»

«መመሪያውን? ምን ያደርግልሻል?»

«አነበዋለሁ።»

ትከሻውን ነቀነቀና ሰጠኝ።

መመሪያው ወፍራም ነው፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ትምህርት ቤት ከተማርነው ጋር ዝምድና የለውም። ፒያሳ ከሚገኘው ቤተ መጻሕፍት መዝገበ ቃላት ተውሼ በምሳ ሰዓቴ ቢሮ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ዘልሎ ማንበብ አልችልበትም። ሰኞ ስለ ኤሌክትሪክ አነበብኩ፤ ማክሰኞ ስለ ዲስክ። ረቡዕ ስለ ፕሪንተር፤ ሐሙስ መጨረሻ አካባቢ አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ላይ ደረስኩ። በግራ በኩል የድምፅ ዓይነት፣ በቀኝ በኩል ትርጉሙ። አንድ አጭር፦ ሁሉም ደህና ነው። ወደ ታች ስወርድ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፦ «ዲስፕለይ አዳፕተር»።

«አለ!» ብዬ ጮህኩ። ቢሮ ውስጥ ያሉት ሁሉ ከእንቅልፍ እንደተቀሰቀሰ ሰው አዩኝ። በሰባት ዓመት ሥራዬ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መዝገበ ቃላቱ የመጀመሪያውን ቃል «ማሳየት» ይለዋል፤ ሁለተኛውን «አስማሚ»። የማሳያ አስማሚ! ስክሪኑ የተቀመጠበት እግር ይሆን እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ደግነቱ መመሪያው ወደ ሌላ ገጽ ይመራል፤ እዚያ ሥዕል አለ። በሣጥኑ ውስጥ ቆሞ የተሰካ፣ ከመጽሐፍ ገጽ የማይበልጥ ሰሌዳ፤ ላዩ ላይ ጥቋቁር ጡቦች የተደረደሩበት፤ ጥርስ ጥርስ ባለው ጠርዙ ስንጥቅ ውስጥ የሚገባ። ዛሬ ልጆች ግራፊክስ ካርድ የሚሉት ነው። ሥዕሉን የሚሠራው እሱ ነው። ስክሪኑ የተሰጠውን ከማሳየት ሌላ ሥራ የለውም። ለዚህ ነው ስክሪኑ ላይ የተዛነፈው ወረቀት ላይ ደህና የነበረው! ሽማግሌው ቴሌቪዥን ነው ያየው፤ ይህ ግን ሥዕሉ ሌላ ሣጥን ውስጥ የሚሠራ ቴሌቪዥን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ዶክተሩ ሆስፒታል ነበር። እናቱ በር ከፈቱልኝ።

«ነይ ግቢ፣ ያገሬ ልጅ። ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ? ሞቷል ተባለ እኮ።»

«ልሰማው ነው እማማ።»

«የሞተ ምን ይናገራል ብለሽ!» አሉና ሊሰሙ አጠገቤ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ስክሪኑን ከሣጥኑ ነቀልኩት፤ ጭራሽ ሌላ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ሣጥኑን ብቻውን አበራሁ። ጢ—ጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ስክሪኑ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሆኖም ስሞታው ያው ነው! የሚከሰው ስክሪኑን ቢሆን ኖሮ ስክሪኑ ሲሄድ ስሞታው ሊለወጥ አይገባም? መልሼ ሰካሁትና ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ሁለተኛው ፈተና ይበልጥ አስፈራኝ። ሣጥኑ በሕይወት ካለ፣ ባላየውም የምለውን ይሰማኛል ማለት ነው። ዲስኮቹን ከተትኩ። ሲበራ መጀመሪያ ቀኑን ይጠይቃል፤ ትልቋን ቁልፍ መትተው ያልፉታል። ከዚያ ሰዓቱን ይጠይቃል፤ እሱንም እንዲሁ። ጨለማው ስክሪን ፊት ቁጭ ብዬ አንዴ መታሁ። ቆየሁ። ደግሜ መታሁ። ከዚያ በየቅዳሜው ማተም ስፈልግ የምጽፈውን ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ፊደል በፊደል፣ በቃሌ፣ እንደ ዕውር። ትልቋን ቁልፍ መታሁና እጄን አነሣሁ።

ምንም የለም። የዲስኩ መብራት ብልጭ አለ። ከዚያ ፕሪንተሩ እንደ በሬ አጉረመረመና ጥርሱን ማፋጨት ጀመረ።

«በስመ አብ!» ብለው ተነሡ እማማ። «ምነው! ምን ነካው?»

«እየጻፈ ነው! እማማ፣ እየጻፈ ነው!»

ወረቀቱ መስመር በመስመር ወጣ። የምዕራፍ ስምንት መጀመሪያ፤ ቁስል ስለማጠብ። አንዲት ፊደል አልጎደለችም። የእማማን ሁለት እጅ ይዤ ቤቱ መሃል ላይ እንደ ሕፃን መዝለሌን አልክድም፤ እሳቸውም ለምን እንደሚዘሉ ሳያውቁ አብረውኝ ዘለሉ።

ዶክተሩ ለምሳ ሲገባ ነጠላዋ ከትከሻዋ የወረደ እብድ መስዬ ነው ያገኘኝ። ፊደሎቹን የዘረዘርኩበትን ደብተር፣ ሠንጠረዡን፣ ስክሪኑን መንቀሌን፣ የታተመውን ገጽ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩለት። መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር የሚሰማኝ። ስለ ሁለተኛው ፈተና ስነግረው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ይህ እኮ ምርመራ ነው» አለ። «እኔ በሽተኛ ፊት የማደርገውን ነው ያደረግሽው። ግን ያው ካርዱ ነው እንበል፤ ጎንደር ካርድ ከየት ይመጣል?»

«የሚላክ ከሆነ ካርዱ ብቻ ይላካ! ደብዳቤ ውስጥ ይገባል። ሣጥኑ ለምን ይሄዳል?»

«የማይድን ቢሆንስ?»

«አውጥተን ሳናየው አይድንም ይባላል እንዴ? እርስዎ ሳያዩ ይፈርዳሉ?»

እንዲህ ብዬ መናገሬ እኔንም አስደነገጠኝ። እሱ ግን ሳቀ። «እሺ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንከፍተዋለን። ነገር ግን ሹፌሩ እስኪመጣ ካላገኘሽው፣ ሁሉም ይጫናል። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሄድኩ። ዶክተሩ ከሆስፒታል አልኮልና ጥጥ ይዞ ጠበቀኝ። ሶኬቱን ነቀልን፤ እኔ ድጋሚ ሄጄ መነቀሉን አየሁ። ሣጥኑን መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ አድርገን ክዳኑን ፈታነው። ዶክተሩ ሊገባበት እጁን ሲሰድ «ቆይ» አልኩትና ሁሉም ዕቃ የት እንዳለ በደብተሬ ሣልኩ። ከዚያ የካርዱን ቡሎን ፈትቼ፣ በሁለት ጫፉ ይዤ፣ ቀጥ አድርጌ ሳብኩት። ወጣ።

ወደ መስኮቱ ይዤው ዞርኩ። በጠርዙ በኩል የተደረደሩት ጥርሶች የወርቅ ቀለም አላቸው። ሁሉም አይደሉም። ከጫፉ ሰባተኛው፣ ከዚያም ወደ ውስጥ ሌሎች ሦስት አራት ጥርሶች፣ ሳይታጠብ እንደከረመ የነሐስ ዕቃ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥተዋል። ከላይ ጀምሮ እስከ እነሱ ድረስ ደግሞ እንደ እንባ መንገድ ያለ ነጭ መስመር ወርዷል።

ዶክተሩ አንገቱን አስግጎ አየ። «ውሃ ነው» አለ። «ውሃ ገብቶበታል። ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?»

ሁለታችንም ቀና አልን። ኮርኒሱ ደረቅ ነው። ካርዱ በተሰካበት በኩል በሣጥኑ ጀርባ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ ለሌላ ካርድ ተብሎ የተተወ፣ ክዳን የሌለው። ውሃው ከዚያ ነው የመጣው። ግን ውሃ በራሱ ወደ ጎን አይሄድም። ያኔ ነው እማማ ዝም ማለታቸውን ያስተዋልነው። እሳቸው ዝም ያሉበትን ሰዓት አላስታውስም።

«እማ?» አለ ዶክተሩ።

እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉ፣ ፈቱ። «የመጣሁ ዕለት» አሉ፣ «አንተ ሥራ ሄደህ ሳለ፣ ይዠው የመጣሁትን ጠበል ቤቱን ሁሉ ረጨሁት። አልጋህን፣ በርህን፣ ልብስህን። ሸጋ አድርጌ። ይህ ሣጥን ግን በራሱ የሚጮኽ፣ በራሱ የሚበራ ሆነብኝ። ከላይ ከላዩማ ቢረጩት ምን ይጠቅመዋል ብዬ፣ በስተኋላው ክፍት አገኘሁና አንድ እፍኝ ሰደድኩለት።»

ዶክተሩ መዳፉን ዘርግቶ አየ። «አንድ እፍኝ!»

«አንድ ተኩል።»

«እማ፣ ኤሌክትሪክ እኮ ነው! ይዞሽ ቢቀርስ?»

«ምን ይይዘኛል፤ ጠፍቶ ነበር። ደግሞ ጠበል ነው እንጂ የቧንቧ ውሃ አላፈሰስኩበት!»

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ ከሳቅ ይልቅ ደስታ ነበር። ጥርሶቹ አልተሰበሩም! የተቃጠለ ነገር የለም! የዛገ ብቻ ነው፤ የዛገ ደግሞ ይጠረጋል። ከቦርሳዬ የእርሳስ ላጲሴን አወጣሁና መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ጥርስ ጀመርኩ። ላጲሱ አረንጓዴውን እየበላ ራሱ አረንጓዴ ሆነ። ሰባተኛው ከሁሉም የጸና ነበር፤ ወርቁ እንዳይላጥ ቀስ እያልኩ፣ እፍ እያልኩ፣ ደግሞ እያሸሁ። ደህና የሆኑትንም አልዘለልኩም። ፊቱን ስጨርስ ጀርባውን አዞርኩ። ዶክተሩ በጥጥ አልኮል እየነከረ ከኋላዬ ይጠርጋል፤ እማማም ይቅርታ መሆኑ ነው መሰለኝ ጥጡን እየፈተሉ ያቀብሉታል።

በሩ ተንኳኳ። ሹፌሩ ነው፤ በትከሻው ገመድ፣ በብብቱ ሁለት ባዶ ጆንያ።

«ዶክተር፣ ልጫን? መኪናው መንገድ ዘግቷል።»

«አንድ ጊዜ ጠብቀኝ» አለው ዶክተሩ። ወደ እኔ አየ። «ጨረስሽ?»

ካርዱን ወደ ቦታው መለስኩ። ሶኬቱ ተሰካ። ሁላችንም ሣጥኑን ከብበን ቆምን፤ ሹፌሩ እንኳ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቆመ። ዶክተሩ አበራው።

ጢ—ጥ። ጢጥ። ጢጥ።

ስክሪኑ ጨለማ ነው።

ዶክተሩ እጁን ትከሻዬ ላይ ሊያሳርፍ ብሎ ተወው። «በቃ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የሚቻለውን አድርገሻል።» ሹፌሩም ይህንን እንደ ፈቃድ ቆጥሮት ስክሪኑን አቅፎ ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

«ይህን ላስቀድም?»

«አይንኩት!» አልኩ።

ጮኼ ነበር። ሹፌሩ እጁን መለሰ። አጠፋሁት፣ ሶኬቱን ነቀልኩና ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ከካርዱ ጫፍ ጋር አስተካከልኩ። ጎኑ ላይ ሌላ ካርድ አለ፤ የዲስኩ ነው። የሁለቱ ጫፍ እኩል መሆን አለበት፤ ጠዋት የሣልኩት ሥዕል ላይ እኩል ናቸው። አሁን ግን እኩል አይደሉም። የእኔ ካርድ በአንድ በኩል የገብስ ፍሬ ያህል ከፍ ብሏል። ጥርሶቹ እንዳይጎዱ ስሳሳ አጥብቄ አልገፋሁትም። በፍርሃት ነው የሰካሁት!

ሁለት አውራ ጣቶቼን በሁለቱ ጫፍ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ገፋሁ። የሚሰበር መሰለኝ። «ቀጭ» አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ እኩል ነው። ቡሎኑን አሰርኩ።

«ያብሩት» አልኩት ዶክተሩን።

ጢጥ።

አንዲት አጭር። ዶክተሩ ጣቱን እንዳነሣ ቀረ። ከዚያ ጥቁሩ ስክሪን መሃሉ ላይ ደመቅ አለ፣ ጥግ ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር ብልጭ ብልጭ አለች፣ ፊደሎቹ መጡ። ቀኑን እየጠየቀ ነው። «ኤ»ው «ኤ» ነው። ባዶው ቦታ ባዶ ነው። እንደዚያ ያለ የሚያምር ባዶ ቦታ አይቼ አላውቅም።

ዶክተሩ «እሰይ!» ብሎ ጠረጴዛውን በጥፊ ሲመታው «ኧረ ይነቀላል!» ብዬ ያዝኩት። እማማ እልልታውን አቀለጡት። ጎረቤት በአጥር ላይ «ምንድነው፣ ወለደች?» ብሎ ጠየቀ፤ ማን እንደሆነች የምትወልደው አላውቅም።

«አየህ?» አሉት እማማ ልጃቸውን፣ «ጠበሉ ገብቶ ሥራውን ሠራ።»

«ሥራውንማ ሠራ» አለ ዶክተሩ።

«ታዲያ ምን ልጫን?» አለ ሹፌሩ። ጆንያውን እንደዘረጋ ነው። ዶክተሩ እየሳቀ ክንዱን ይዞ ሊነግረው ጀመረ፤ የዶላሩን፣ የድምፁን፣ የእፍኙን ነገር፣ በእጁም በእግሩም። ሹፌሩ ሊሰማ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ፤ ሰፊ ትከሻ ስለነበረው የእጅ ጽሑፉን ጨለማ ዋጠው።

እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ። ምዕራፍ ዘጠኝን ከፍቼ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ማስመሪያ አድርጌአለሁ።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «ከብርሃኑ ዞር ይበሉልኝ።»

ዞር አለ። እኔም መጻፍ ጀመርኩ።